ቤት ልትቀይሩ ነው? ካርቶን ከመሰብሰባችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ባዶውን ቤት እዩት

ቤት መቀየር ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ካርቶንና መኪና ነው፣ እሱ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ሰው የሚያማርረው ከገባ በኋላ ያለው ሳምንት ነው፦ አልጋው አልተገጠመም፣ መጋረጃ የለም፣ የሲንኩ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ካቻቢቴው ደግሞ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደገባ የሚያውቅ የለም፣ በቃ በዛ ድካም ላይ ወደ ሱቅ ሮጦ የተገኘውን እቃ በተባለው ዋጋ ገዝቶ መመለስ ነው። ስለዚህ እኔ ሁሌ የምለው የቤት መስሪያ እቃ (ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ድሪል የመሳሰለው) የሚገዛው ከመግባታችሁ በፊት ነው፣ የሚገዛውም ሱቅ ውስጥ ያማረው ሳይሆን አዲሱ ቤት የጠየቀው ነው። ቤቱ ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ ደግሞ ሄዶ ማየት ነው፣ ባዶውን እያለ።

ስትሄዱ 5 ሜትር የሆነ ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ስልክ ከነቻርጀሩ ያዙ። ቻርጀሩ ለባትሪ ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ ሶኬት ላይ እየሰካችሁ መብራት እንዳለው ታዩበታላችሁ። የማይሰራውን ሶኬት እቃ ከተደረደረበት በኋላ ከማግኘት አሁን ማግኘት ይሻላል። ቧንቧዎቹን በሙሉ ክፈቱ፣ ትንሽ ይፍሰሱና ዝጉ፣ ከዛ ሲንኩ ስር በእጃችሁ ዳብሱ፣ እርጥበት አለ? ሽንት ቤቱን ልቀቁትና ታንከሩ ሞልቶ መፍሰሱን እንደሚያቆም ጠብቁ። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንደሆነ ፈልጉና አንዴ ዘግታችሁ ክፈቱት፣ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ መዝጊያ ይያያዛል፣ ይህን የምታውቁት ውሃ ወለሉ ላይ እየፈሰሰ መሆን የለበትም። በግድ ግን አታዙሩት፣ እምቢ ካለ ባለሙያ ወይም የቤቱ ባለቤት ይየው። የመብራቱ ብሬከር ጋ ሂዱና የትኛው የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ እየሞከራችሁ ጻፉበት። የውሃውንና የመብራቱን ቆጣሪ ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ የምትለቁትንም ቤት እንደዛው፣ በኋላ ክርክር ከመጣ ፎቶው ቀን አለው።

አሁን ልኬት። የበሩን ስፋት ብቻ ለክቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፣ ሶፋ ግን በር ላይ ሳይሆን የሚቀረቀረው ደረጃው የሚታጠፍበት ጋ ወይ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ከመኪናው እስከ ክፍሉ ያለውን መንገድ በሙሉ በእግራችሁ ሂዱበትና በጣም ጠባቡን ቦታ ለኩ፣ ሊፍት ካለ የሊፍቱን በርም ውስጡንም። ሌላው ሰው የሚረሳው የጣሪያ ከፍታ ነው። ቁም ሳጥን ተኝቶ ገብቶ ክፍሉ ውስጥ ሲቆም ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ልኬቱ ነው ጣሪያውን የሚነካው። ለምሳሌ ከፍታው 2.30 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ የሆነ ቁም ሳጥን ከጥግ ጥግ ወደ 2.38 ሜትር ይሆናል፣ ጣሪያችሁ 2.35 ከሆነ ቆሞ ቢሆን ይበቃዋል፣ ግን ከተኛበት ተነስቶ ሊቆም አይችልም! እንደዚህ ያለውን ከምትለቁት ቤት ፈታታችሁ ማምጣትና እዛው ቆሞ መግጠም ነው ያለባችሁ፣ ይሄም ማለት ምን አይነት መፍቻ እንደሚያስፈልጋችሁ ከአሁኑ ታወቀ ማለት ነው።

ግድግዳውንም አንኳኩት። ደረቅ ጠንካራ ድምጽ ከሰጠ ኮንክሪት ወይ ብሎኬት ወይ ጡብ ነው፣ ባዶ ድምጽ ከሰጠ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ስለ ድሪል ስናወራ ይሄ ወሳኝ ስለሆነ የየክፍሉን ጻፉት። የመስኮቶቹን ስፋት፣ መጋረጃ ብረት አለ ወይስ የለም፣ አምፖሎቹ ባለ ጥርስ ናቸው ወይስ ባለ ሁለት ጆሮ፣ ስንትስ ጎደለ። የበሩን ቁልፍም እዩ፣ ከናንተ በፊት የነበሩት ሰዎች ስንት ኮፒ እንዳስቀረጹ አይታወቅም። ሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበት ክፍል፣ ለብቻው የሚቀየር ከሆነ በበሩ ጎን በኩል መሀል ላይ አንድ ረጅም ብሎን ታያላችሁ፣ ከዛ ብሎን መሀል እስከ ውጪው ጫፍ፣ ከዛው እስከ ውስጠኛው ጫፍ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ ለየብቻ ጻፉት፣ 30 በ40 ምናምን ይሆናል፣ ሲሊንደር ሲገዛ የሚጠየቀው እሱ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ስትለቁ የድሮውን መልሳችሁ እንድትገጥሙ አስቀምጡት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ራሱ የግዢ ሊስት ነው።

ስለ ግዢው መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። መቶ ምናምን እቃ የያዘ የሚያብረቀርቅ ሳጥን በአንድ ዋጋ ሲሸጥ ያጓጓል፣ ገብቶኛል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ብረት ለስላሳ ነው፣ ካቻቢቴው ሁለተኛ ብሎን ላይ ጫፉ ይበላል፣ የተበላ ካቻቢቴ ደግሞ የብሎኑን ጭንቅላት ይበላውና ስራው ከእጃችሁ ይወጣል። በዛ ብር ስድስት ሰባት ጥሩ እቃ ለየብቻ ግዙ። እጀታው እጃችሁ ውስጥ ሞልቶ ይቀመጥ፣ ብረቱ ላይ የክሮም ቫናዲየም (ጠንካራ የብረት አይነት ነው) ምልክት ካለ ጥሩ ነው ግን ምልክቱን ብቻ አትመኑ፣ ያዙት፣ ክብደቱን እዩ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለው አንቀሳቅሱት።

ሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችው ብረት ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስትል ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት፣ ሆን ተብሎ ነው፣ የምትንቀሳቀሰው በራሷ ውፍረት ልክ ነው፣ ከጠርዝ ጎትታችሁም ስትለኩ ግድግዳ ላይ ገፍታችሁም ስትለኩ ቁጥሩ እኩል እንዲመጣ። ውሃ ልክ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና አረፋው የት እንደቆመ እዩ፣ ከዛ እዛው ቦታ ላይ ጫፍና ጫፉን አዙራችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት፣ አረፋው ያው ቦታ ካልቆመ ውሃ ልኩ ይዋሻል፣ ሌላ አምጡ በሉ። ፒንሳ ገጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፣ አፉ እኩል መግጠም አለበት።

ካቻቢቴ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ፈርኒቸር የሚበላሸው እዚህ ነው። ባለ መስቀሉ ሁሉ አንድ ይመስላል ግን ሁለት አይነት አለ። አንደኛው ፊሊፕስ የሚባለው ነው፣ ፒኤች ተብሎ የሚጻፈው፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ። ሁለተኛው ፖዚድራይቭ ነው፣ ፒዜድ፣ የብሎኑ ጭንቅላት ላይ ከመስቀሉ መሀል መሀል ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ። ብዙው ተገጣጣሚ ፈርኒቸር የሚመጣው በፒዜድ ብሎን ነው፣ ሰው ግን በፊሊፕስ ይፈታዋል፣ ትንሽ ይንሸራተትና ጭንቅላቱን ይልጠዋል። ስለዚህ ፒኤች 2ም ፒዜድ 2ም ይኑራችሁ፣ አንድ ትንሽ ፒኤች 1፣ አንድ ባለ ጠፍጣፋ። ለአልጋና ለጠረጴዛ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ብሎኖች አለን ኪይ በሴት ግዙ፣ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ያለው ይበቃል፣ ከፈርኒቸሩ ጋር በነጻ የመጣችው ትንሿ ቁልፍ እጅ ታቆስላለች እንጂ አታጠብቅም።

መዶሻ ሚስማር መንቀያ ያለው፣ ጭንቅላቱ ወደ 450 ግራም አካባቢ፣ ከዛ የከበደ ለቤት አያስፈልግም። አፉ የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ አንድ፣ ስትጠቀሙበት ጉልበቱ ባልተንቀሳቃሹ መንጋጋ በኩል እንዲያርፍ አድርጋችሁ አዙሩ፣ አለዚያ አፉ ይላላና የዳዶውን ጥግ ይበላዋል። ከተር ከትርፍ ምላጩ ጋር። የመብራት ቴስተር። ናስትሮና ቴፍሎን፣ ቴፍሎኑን ስትጠቀልሉት ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠቅልሉት፣ በተቃራኒው ከሆነ ስታጠብቁት ይፈታና ይሰበሰባል። ጎሚኒ የተለያየ ልክ ያለው አንድ ፓኬት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ጎሚኒው ነው ያለቀው። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ መብራት፣ ሲንክ ስር ሁለት እጅ ስለሚያስፈልግ። መነጽርና ጓንት፣ መነጽሩን በተለይ አትዝለሉት፣ ጣሪያ ላይ ስትበሱ አቧራው የሚወርደው ቀጥታ ወደ አይን ነው።

ስለ መብራት ካነሳን፣ ሶኬት ወይ የመብራት መያዣ ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዛ ቴስተሩን መጀመሪያ እርግጠኛ በሆናችሁበት መብራት ባለው ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ቀጥሎ የምትሰሩበት ላይ፣ ቀጥሎ እንደገና በመጀመሪያው ላይ። ቴስተሩ ራሱ ከሞተ ሁሉንም ነገር መብራት የለውም ነው የሚላችሁ። አምፖል ከመቀየር ያለፈውን ለኤሌክትሪሺያን ስጡ፣ ይሄን የምለው ከልቤ ነው።

ድሪል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ብር የሚባክነው። የየክፍሉን ግድግዳ አይነት የጻፋችሁበትን ወረቀት አውጡ። ቤቱ በሙሉ ጂፕሰም ከሆነና ስራችሁ ፈርኒቸር መግጠም ከሆነ 12 ቮልት የባትሪ ድሪል በቂ ነው፣ ቀላል ነው፣ እጅ አያደክምም። ብሎኬትና ጡብ ካለ ሀመር ያለው (እየዞረ የሚመታም) 18 ቮልት ያዙ፣ ወይም ሶኬት ቅርብ ከሆነ በገመድ የሚሰራውን፣ እሱ በርካሽ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ጠንካራ ኮንክሪት ከሆነ ግን ተራው ሀመር ድሪል ሲጮህ ይውላል እንጂ አይገባም፣ ኤስዲኤስ የሚባለው ሮታሪ ሀመር ነው የሚያስፈልገው፣ እሱን ደግሞ ለአራት ቀዳዳ አትግዙ፣ ተዋሱ ወይ ተከራዩ። የባትሪ ድሪል ስትገዙ ጠይቁ፦ ባትሪውና ቻርጀሩ አብሮ አለ? ባዶውን አካል ለብቻ የሚሸጡ አሉ፣ ዋጋው ርካሽ የሚመስለው ለዛ ነው። ባትሪ ብቻውን ይገኛል? ነገ መጋዝ ወይ ሌላ ማሽን ብትጨምሩ ይሄው ባትሪ ይሰራበታል? አንድ አይነት ባትሪ ላይ መቆየት በረጅሙ ያዋጣል።

ፑንታው፣ ድሪሉ ላይ የሚገጠመው መብሻ፣ አስፈላጊነቱ ከድሪሉ እኩል ነው። የግንብ ፑንታ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ካርባይድ የሚባል ጠንካራ ብረት ተበይዶበታል፣ የእንጨቱ መሀል ላይ ሹል ጫፍ አለው፣ የብረቱ ጠመዝማዛ ሆኖ ጫፉ ብቻ የተሳለ ነው። ሀመሩን የምታበሩት ለግንብ ብቻ ነው፣ እንጨት፣ ብረትና ሴራሚክ ላይ ይጠፋል። ሴራሚክ ስትበሱ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበትና ምልክቱን እላዩ ላይ አድርጉ፣ ፑንታው አይንሸራተትም፣ በቀስታ ያለ ሀመር ጀምሩ፣ ሴራሚኩን አልፎ ግንቡ ሲደርስ ሀመር ታበራላችሁ። ፊሸር ብሎኑን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ነው፣ የፊሸሩ ቁጥር የቀዳዳው ቁጥር ነው፣ 6 ፊሸር በ6 ፑንታ፣ 8 በ8፣ የሚገባው ብሎን ውፍረት ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። ቀዳዳው ከፊሸሩ አንድ ሳንቲ ያህል ይርዘም፣ ፑንታው ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጉ፣ ከበሳችሁ በኋላ አቧራውን ጥረጉት፣ አቧራ ያለበት ቀዳዳ ፊሸር አይዝም። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን አትብሱ፣ ሽቦው ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዛ መስመር ነው። ከቧንቧ በላይና በታችም እንደዛው። ጂፕሰም ላይ ተራ ፊሸር አይሰራም፣ ከኋላ የሚከፈት ክንፍ ያለው አለ፣ እሱም ለቀላል እቃ፣ ቲቪና የእቃ መደርደሪያ ግን ከቦርዱ ጀርባ ያለውን እንጨት ወይ ብረት ፈልጋችሁ እሱ ላይ እሰሩት።

እነዚህን ቀዳዳዎች ከተቻለ እቃ ሳይገባ ጨርሷቸው። መጋረጃ ብረት፣ መደርደሪያ፣ ቀለም ካለም ቀለሙ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን የሚወስደው እቃ ከገባ ሁለት ቀን ይፈጃል። መሰላሉን ግድግዳ ላይ ስታስደግፉ ለአራት ሜትር ከፍታ እግሩ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ለሁለት ሜትር ግማሽ ሜትር።

ማሸጉ ላይ የምታውቁትን አልደግምም፣ የሚረሳውን ብቻ። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን፣ ልብስና ብርድ ልብስ በትልቅ፣ አንድ ካርቶን ከ20 ኪሎ እንዳያልፍ። ሳህን ተደራርቦ ተኝቶ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ ይታሸግ፣ እንደዛ ንዝረት ይችላል። ካርቶኑ ላይ ስትጽፉ በጎኑ ጻፉ፣ ሲደረደር ክዳኑ አይታይም፣ ቁጥር ስጡትና ምን እንዳለው ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። ከፈርኒቸር የፈታችሁትን ብሎን በላስቲክ አድርጋችሁ እዛው ፈርኒቸሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፣ ከመፍታታችሁ በፊት መጋጠሚያውን ፎቶ። የቲቪና የኢንተርኔቱን ኬብል ጀርባም ፎቶ።

ፍሪጅ ከአንድ ቀን በፊት ይነቀል፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ይደርቅ፣ ሲጓዝ ቆሞ ይሂድ። ተኝቶ ከሄደ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይፈሳል፣ ስለዚህ ደርሳችሁ አቁማችሁ ቢያንስ የተወሰነ ሰዓት፣ ብትችሉ እስከ ማግስቱ ሳትሰኩት ቆዩ። ልብስ ማጠቢያ ከፊት የሚከፈተው አዲስ ሲመጣ ከኋላው ረጃጅም ብሎኖች ነበሩት፣ ከበሮው በመንገድ እንዳይመታ የሚይዙት፣ ካስቀመጣችኋቸው መልሷቸው፣ ደርሳችሁ ግን ከማብራታችሁ በፊት ማውጣት አትርሱ። የጋዝ ሲሊንደር ተዘግቶ፣ ቆሞ፣ ታስሮ ይሂድ፣ ሰው ያለበት የተዘጋ መኪና ውስጥ አይግባ፣ አዲሱ ቤት ስትገጥሙት መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፣ አረፋ ከነፋ ያፈሳል። በረኪናና ሌላ ማጽጃ አንድ ካርቶን ውስጥ አታድርጉ፣ ፈሶ ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሰነድ፣ መድሃኒት፣ ወርቅ ካለ ወርቅ፣ በእጃችሁ።

የመስሪያ እቃው ቦርሳ መኪና ላይ አይጫንም፣ ከናንተ ጋር ይሄዳል። ካቻቢቴዎቹ፣ አለን ኪዩ፣ መፍቻው፣ ድሪሉ ቻርጅ ሆኖ፣ ከተሩ፣ ናስትሮ፣ ቴፍሎን፣ ሁለት አምፖል፣ አዲሱ የበር ሲሊንደር፣ አንድ ኤክስቴንሽን፣ የቆሻሻ ላስቲክ፣ ሶፍት። ስትደርሱ ቅደም ተከተሉ እንደዚህ ቢሆን ጥሩ ነው፣ እቃ ሲወርድ አንዱ በሩ ጋ ቆሞ የየካርቶኑን ክፍል ይናገር፣ ሌላው ቀጥታ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋ ይግጠም፣ ሲመሽ ሰው ሁሉ ደክሞት አልጋ መግጠም ከባድ ነው። አልጋ ስትገጥሙ ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ ሁሉም ከገቡና አልጋው ቀጥ ካለ በኋላ አጥብቁ፣ አንዱን መጀመሪያ ጨርሳችሁ ካጠበቃችሁ ሌላኛው ቀዳዳ አይገጥምላችሁም። ከዛ የበሩ ሲሊንደር፣ ስትቀይሩ በሩን ክፍት አድርጋችሁ፣ ቁልፉን ከሁለቱም በኩል ደጋግማችሁ ሞክሩት፣ ከዛ በኋላ ነው በሩ የሚዘጋው።

የተረፈ ፊሸር፣ ብሎንና ያልተከፈተ ፓኬት ካለ ደረሰኙን ይዛችሁ መልሱ፣ ስትገዙ ይመለሳል ወይ ብላችሁ መጠየቃችሁን ግን አትርሱ። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የአልጋውንና የጠረጴዛውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ፣ እንጨት ክብደት ሲያርፍበት ይረግብና ይላላሉ፣ የነካካችሁትን ቧንቧ መጋጠሚያም በደረቅ ሶፍት ጥረጉት፣ በአይን የማይታይ ጠብታ ሶፍቱ ላይ ይታያል፣ ከታየ ውሃውን ዘግታችሁ ፍቱትና ቴፍሎኑን አድሱት።